አርባ ሦስት ሰው ያያት ምላስ

ካቻቪቴው ከእጄ አምልጦ ጠረጴዛው ሥር ሲንከባለል የእህቴ ልጅ አላየችም። ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ መልሷን እያገባደደች ነበር።

«ስለዚህ» አለች፣ «ሀ የሠራው ቁልፍ አዲስነቱን አጥቷል። ምስጢር ልጠብቅ ብሎ ያልተስማማ አንድ ሰው እንኳ ካየው፣ ለዓለም ሁሉ እንደታየ ይቆጠራል። ያሳየችው የገዛ ልጁ መሆኗ ምንም አይለውጥም። ሳያስመዘግበው ታይቷል፣ አለቀ።»

ዓይኗን ገለጠች። ወረቀቱን ገልብጣ ከጀርባው ያለውን መልስ አየችና ቀይ እስክሪብቶዋን አውጥታ ለራሷ አሥር ከአሥር ሰጠች።

«እንዴት ነው ጋሼ? ጥያቄ ቁጥር አራት ገባህ?»

«ገባኝ» አልኩ።

«ፊትህ ግን የገባው ሰው ፊት አይመስልም።»

«ዕድሜ ነው» አልኳትና ካቻቪቴውን ለመፈለግ አጎነበስኩ። ከጠረጴዛው ሥር ቶሎ አልወጣሁም። 

እኔ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ነው፤ የቀረውን የተማርኩት ከመኪኖቹና ከሰው አፍ ነው። የእህቴ ልጅ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ በላብራቶሪ ትሠራለች። ሐሳቧ ግን የፓተንት ወኪል መሆን ነው። አንድ ሰው አዲስ ነገር ሲፈጥር መብቱ እንዲመዘገብለት ወረቀቱን የሚጽፍለት ባለሙያ ማለት ነው። ለዚያ ሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለፈቃዱም ፈተና አለ። ፈተናውን መውሰድ የሚቻለው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በሦስተኛው የወደቀ ሰው በሩ ይዘጋበታል፣ ሌላ ሥራ ይፈልግ ነው። እሷ ሁለቱን ወድቃለች። ያቺ ዓርብ ጠዋት ለሦስተኛው አሥራ ሦስት ቀን የቀረው ዕለት ነበረች።

ሁለቱንም ጊዜ ከውጤቱ ጋር አንድ ዓይነት አስተያየት ነው የመጣላት። «ሕጉን ጠንቅቀው ያውቁታል። ጉዳዩ ውስጥ ሲያገኙት ግን አይለዩትም።»

ከመጀመሪያው ውድቀት በኋላ ፈተናውን ያለፈ አንድ ሰው መከራት። ብቻሽን አታንብቢ፣ ምንም ለማያውቅ ሰው ጮክ ብለሽ አስረጂው፣ እሱ ጠይቆሽ የተደናቀፍሽበትን ቦታ ተመልሰሽ አንብቢ አላት። ምንም የማያውቅ ሰው ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም።

«ጋሼ፣ አንተ ትሆናለህ።»

«ምን?»

«ደንቆሮው።»

«ሹመቱ መሐላ አለው?» አልኳት።

ከዚያ ጀምሮ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሱቄ ትመጣለች። እኔ መኪና ፈትቼ ዘይት ስቀባ እሷ ቆማ ታስረዳኛለች። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ሥራዋ ትሮጣለች። ደንበኞቼ ስሟን ትተው «አንቀጽ» ይሏታል። «አንቀጽ ዛሬ መጥታለች?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔም ስሰማ ስሰማ ሳላስበው ብዙ ነገር ገባኝ። አዲስነት ምን እንደሆነ፣ የመብት ወሰን የሚሉት ዓረፍተ ነገር በፈጠራው ዙሪያ እንዴት እንደ አጥር እንደሚታጠር፣ አጥሩ ከጠበበ ሌላው ሰው በጎን ዞሮ እንደሚገባ ጭምር። ከመጽሐፍ አላነበብኩትም፤ ከእሷ አፍ ነው የሰማሁት።

ካቻቪቴውን ያስጣለኝ ደግሞ ይሄ ነው።

ልብስ ሰፊ በጣም የሚበሳጭበት አንድ ነገር አለ። ከመኪናው ሆድ ያለው የታችኛው ክር ሲያልቅ ከላይ ምንም አይታወቅም። መርፌው ይወጣል ይወርዳል፣ ጨርቁ ይሄዳል፣ ቀና ሲሉ ክንድ ሙሉ ጨርቅ ተወግቷል እንጂ አልተሰፋም። እኔ ለዚህ አንዲት ትንሽ ነገር ሠርቻለሁ፤ ምላስ እላታለሁ። ከታችኛው ክር ላይ ተደግፋ ትቀመጣለች። ክሩ ሲያልቅ የምትደገፍበት ታጣና ትወድቃለች፣ ስትወድቅ ጎኗ ያለችውን ትንሽ ደወል ትመታለች። ያኔ ሰፊው ያቆማል። በቃ ይኸው ናት። ግን ማንም ዘንድ አላየኋትም።

«ማንም እንዳያይብህ» አለችኝ አንቀጽ የነገርኳት ጊዜ። «ፈቃዴን ሳገኝ የመጀመሪያዋን ማመልከቻ የምጽፈው ለአንተ ነው።» እኔም ጠበቅኳት። ምላሷን ከቁም ሳጥኑ ኋላ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኳት፤ ለእህቴ እንኳ በወጉ አላሳየኋትም።

ታዲያ እህቴ ዓይኗን ኦፕራሲዮን የሆነች ዕለት፣ አንቀጽና እኔ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘን ስንጠብቅ፣ ልጅቷ መቀመጥ አልሆንላት አለ። «ጋሼ፣ የምላሷ ሥዕል በስልክህ አለ አይደል? ስጠኝ፣ ለልምምድ የመብት ወሰን ልጻፍባት፣ አእምሮዬን ልያዘው» አለችኝ። ሰጠኋት። ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ ሥዕሉንም ጽሑፉንም አብረዋት ለሚያጠኑት ሰዎች በስልክ ላከችው፣ እንዲያርሟት ብላ። በቡድኑ ውስጥ አርባ ሦስት ሰው አለ። የመለሱላትን አስተያየት እያነበበችልኝ እየሳቅን ነው የእህቴ አልጋ እየተገፋ የወጣው።

እሷ ስትልክ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። እሷም ተማሪ ናት፣ እኔም ሰሚ ነኝ። ሁለታችንም ምንም አልታየንም። እነሆ አሁን ዓይኗን ጨፍና ያንኑ ጉዳይ «አለቀ» ብላ ፈረደችና ለራሷ አሥር ከአሥር ሰጠች።

ያን ቀን እጄ የሠራውን እኔ አላውቀውም። ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ልትወስድ የመጣች አንዲት ልብስ ሰፊ ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናዋን እግር አየችና፣

«ጋሼ፣ ይሄ እግር ወደ ኋላ ዞሯል። መኪናዬ ተመልሳ ልትሄድ ነው?» አለችኝ።

አስተካከልኩላት። ስጨርስ ሳየው እንደገና ተገልብጦ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ እህቴ ቤት ሄድኩ። እህቴ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። እጇ ቢያርፍ እንኳ አፏ ዕረፍት አግኝቶ አያውቅም። ነገሩን ስነግራት ግን አፏን ይዛ ቀረች። የምትተኩሰው ልብስ እስኪጨስ ድረስ ካውያውን አላነሣችም።

«ለእሷ ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«እንዳትነግራት! ወንድሜ፣ በሞቴ። ይሄ የመጨረሻዋ ነው። አሁን ይሄን ብትሰማ እስክሪብቶም አትይዝ። ከፈተናው በኋላ ንገራት። ምላስህ ከልጄ አትበልጥብህም።»

«አትበልጥብኝም» አልኩ። እውነቴን ነው። ሌሊቱንም «ምላሷን ውሰዳት፣ ልጅቷን ተውልኝ» ብዬ ለፈጣሪዬ ነግሬው ነበር።

«እንግዲያስ ዝም በል።»

«አንድ ነገር አለ» አልኳት። «የእፎይታ ጊዜ የሚባል አለ። ነገሩን የፈጠረው ሰው ራሱ ወይም ከእሱ ያገኘ ሰው ካሳየው፣ ከታየበት ቀን አንሥቶ ስድስት ወር ውስጥ ከተመዘገበ ይቅር ይባላል። እሷው ናት ያስረዳችኝ።»

«እሰይ! ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል?»

«ዓይንሽን ኦፕራሲዮን የሆንሽበትን ወረቀት አምጪው።»

አመጣችው። ቀኑ በማኅተም ተመትቷል። በጣቴ ቆጠርኩ፣ እሷም በጣቷ ቆጠረች፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለው ካላንደር ሄደን ሁለታችንም አፍንጫችንን አስጠግተን ቆጠርን። ስድስቱ ወር የሚያልቀው ረቡዕ ነው። ፈተናው ሐሙስ ነው።

እህቴ ወንበሩን በእጇ ዳብሳ ተቀመጠች። «በአንድ ቀን?» አለች። «በአንዲት ቀን?»

 እሁድን ሙሉ አሰብኩ። ራሴ ልጻፈው ብዬ እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጬም ነበር። «ከሳይክል ሽቦ የተሠራች፣ አራት ጣት የምትረዝም ምላስ» ብዬ ጀመርኩና አቆምኩ። አምስት ጣት አድርጎ የሠራት ሰው ነፃ ነው ማለት ነው። ያን ያህል ሰምቻለሁ፤ መስማትና መጻፍ ግን ለየቅል ናቸው። ደግሞም፣ ዝም ብል ምን ይሆናል? ታልፋለች እንበል። ፈቃዷን በያዘች ቀን እየሮጠች መጥታ «ጋሼ፣ ምላሷን አምጣት» ትለኛለች። ያኔ ራሷ ትቆጥራለች። በገዛ እጇ እንዳጠፋችው፣ እኛም እያወቅን ዝም እንዳልን ታገኘዋለች። ያን ዕለት ፊቷን የማየት አቅም አልነበረኝም።

ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዷ መጣች።

«ዛሬ እኔ ልጠይቅሽ» አልኳት።

«ኧረ!» ሳቀች። «ደንቆሮው ፈታኝ ሆነ? ዘመኑ ተገለበጠ። እሺ ጠይቀኝ ጌታው።» ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሀ ጠጋኝ ነው» አልኩ።  «ማንም ያልሠራውን ነገር ሠራ። ለ ዘመዱ ናት። ለልምምድ ብላ ሥዕሉን ከእነ ማብራሪያው ለአርባ ሦስት ሰው ላከችው። ሀ ገና አላስመዘገበም።»

«ሰዎቹ ምስጢር ለመጠበቅ ተስማምተዋል?»

«አልተስማሙም።»

«ቀላል ነው። አዲስነቱ ጠፍቷል። የእፎይታው ጊዜ ካላለፈ ብቻ ይድናል። ሀ ባለው ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት። ሌላ?»

«ለስ? ለ ምን ታድርግ?»

«ለ ምን አገባት? ግዴለሽ ናት፣ ግን ፈታኙ የሚጠይቀው ስለ ሀ ነው። ለን ልትረሳት ትችላለህ።»

«ልረሳት አልችልም» አልኳት። «ለ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ትገባለች። አሁን ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ፊቴ ቆማለች።»

መጀመሪያ ፈገግ እንዳለች ቀረች። ዓይኗን ስትገልጥ ፈገግታው ገና ከንፈሯ ላይ ነበር፤ የሚወርድበት ያጣ ይመስል ነበር።   እስክሪብቶውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ስልኳን አወጣች። ጣቷ መስታወቱ ላይ ወደ ላይ ወደ ላይ ይሄድ ጀመር። ስድስት ወር ሙሉ የተጻፈ ነገር ነው፣ ቶሎ አያልቅም። እኔ የስልኩን ብርሃን ፊቷ ላይ ሲሮጥ አያለሁ።

አቆመች።

«አለ» አለች። ድምፅዋ የእሷ አልመሰለኝም። «ጋሼ፣ ይኸው አለ። አንዱ ደግሞ «በጣም ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ለማስተምራቸው ልጆች ላሳየው?» ብሎኛል።»

«ምን ብለሽ መለስሽ?»

ስልኩን አዞረችልኝ። አውራ ጣት ልካለታለች። ቢጫ፣ ደስተኛ አውራ ጣት።

መኪና ማስቀመጫው ሣጥን ላይ ተቀመጠች። «ሦስት ዓመት ነው እኮ የምማረው» አለች። «ሦስት ዓመት! ዓርብ ዕለት ራሴ መለስኩት። አሥር ከአሥር ሰጠሁ እኮ! እዚህ ቆሜ፣ አንተ ፊት!» ከዚያ ድንገት ተነሣች። «አልፈተንም። በምን አፌ ነው ሰው ፊት ቀርቤ ምስጢርህን ልጠብቅ የምለው?»

«ረቡዕ ነው» አልኳት።

«ምኑ?»

«የእፎይታው መጨረሻ። የሚመጣው ሳምንት ረቡዕ። ዘጠኝ ቀን አለን።»

እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ቆማ ቆጠረች። ሁለቴ ቆጠረች። «እኔ ፈቃድ የለኝም፣ ማስገባት አልችልም» አለች።

«የፈጠረው ሰው ራሱ ማስገባት ይችላል። አንቺ ነሽ ያልሽኝ፣ ባለፈው ክረምት፣ ያቺን ሰማያዊ መኪና ስፈታ። አንቺ ጻፊ፣ እኔ እፈርማለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሁሉን ነገር ትሰማለህ ማለት ነው?»

«ሌላ ምን ሥራ ሰጠሽኝ?»

ያን ቀን ሥራ አልገባችም፤ ደውላ ለፈተናው የያዘችውን የሥራ ዕረፍት ከዚያው ዕለት ጀምሮ ወሰደች። እኔም ምላሷን ከጨርቋ ፈትቼ አወጣኋት። እዚህ ላይ ሌላ ድንጋጤ ጠበቀን። አንቀጽ ምላሷን በእጇ ነክታት አታውቅም ነበር። የመብት ወሰን የጻፈችላት ከሥዕል ነው፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ። አሁን መዳፏ ላይ አድርጋ እንደ ጫጩት አየቻት። መኪናው ላይ ገጠምኩላት፣ ክር አስገባሁ፣ ጨርቅ ሰፋሁ። ክሩ ሲያልቅ ምላሷ ወደቀች፣ ደወሏ ጮኸች። እንደገና። እንደገና። ሃያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

«ይቺ የምትሠራው በመደገፍ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሽቦ መሆኗ ምንም አይደለም። አራት ጣትም አምስት ጣትም ምንም አይደለም። ዋናው የምትደገፍበትን ስታጣ መውደቋ ነው። ጋሼ፣ ባለፈው የጻፍኩት ሁሉ ስለ ሽቦው ነው!»

«እሱን ልነግርሽ ነበር፤ አልጠየቅሽኝም።»

«ከዛሬ ጀምሮ ልትሰለቸኝ ነው» አለች፤ እውነትም አሰለቸችኝ። ይሄ ባይኖርስ? ያ በሌላ ቢተካስ? በየጠዋቱ እሷ ጠያቂ፣ እኔ መላሽ ሆንን። ልምምድ ላይ አንድም ቀን በፈተናው ሰዓት ውስጥ ጨርሳ የማታውቀውን ዓይነት ማመልከቻ ቀን በቀን እየቀደደች እንደገና ትጽፋለች። ዓይኗን መጨፈን ትታለች።

ዓርብ ዕለት ያቺ የመኪናዋ እግር የተገለበጠባት ሰፊ ድንገት በሩን ከፍታ ገባች። አንቀጽ ከወንበሯ እንደ ሞላ ተፈናጥራ የለበሰችውን ሹራብ አውልቃ ምላሷ ላይ ጣለችው።

«ምነው ምን ደበቃችሁኝ? ምሳ ነው?» አለች ሰፊዋ።

«አይ እትዬ፣ የታመመ መኪና ነው፣ ብርድ እንዳይመታው» አለች አንቀጽ።  እኔም ሳቄን ዋጥኩ፤ ከሳቁ ሥር ግን ጭንቀቴ በረደልኝ። ሕጉን ጉዳዩ ውስጥ ስትለየው ያየኋት ያኔ ነው።

ሰፊዋ ጮክ ብላ ነው የምታወራው፤ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች እንደዚያ ናቸው። አንቀጽ ዝም ብላ ስታዳምጣት ቆየችና፣

«እትዬ፣ እርስዎ የሚሠሩበት ክፍል ውስጥ ትንሽ ደወል ብትደወል ይሰማዎታል?» አለቻት።

«የምን ደወል? ሠላሳ መኪና በሚጮህበት ክፍል የመላእክት መለከትም ቢነፋ አይሰማ! በኋላ ነው ሰው የሚነግረን።»

ሴትዮዋ እንደወጣች አንቀጽ ወረቀቱን ስባ «ደወል» የሚለውን ሰረዘች። «ምልክት ሰጪ» ብላ ጻፈች። «መብራትም ይሁን፣ መኪናውን የሚያቆም ነገርም ይሁን» አለች። «ደወል ብለን ብናስገባ ኖሮ መብራት የገጠመ ሰው ሁሉ በጎናችን አልፎ ይሄድ ነበር። አግዳሚው ላይ የጻፍኩትን አርባ ሦስት ሰው አይቶ አንድም ሰው ይሄን አላለኝም።»

ረቡዕ ደረሰ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምዝገባ መሥሪያ ቤቱ መስኮት ፊት ቆምን። እሷ የሥዕሎቹን ቁጥር ለመጨረሻ ጊዜ ታመሳክራለች። እኔ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ ቅጹን እሞላለሁ። ስም፣ ሥራ፣ አድራሻ። ከታች አንድ ጥያቄ አለ። «ፈጠራው ከዚህ ማመልከቻ በፊት ለሌላ ሰው ተገልጿል? ከተገለጸ መቼ፣ በማን?» ሁለት ሣጥኖች አሉ።

የፈቃድ ፈተናውን የሚሰጠው ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። ስሟን እዚህ ብጽፍ፣ ነገ የምትፈተነዋ ልጅ የሰው ምስጢር የበተነች መሆኗ በእኔ እጅ ጽሑፍ ይቀመጣል። እስክሪብቶውን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ እጄ «አልተገለጸም» የሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት ሲያደርግ አየሁት። እጄ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት አብሮኝ የኖረው እጄ። ለደንበኛ ያልተቀየረ ዕቃ ተቀይሯል ብዬ አላውቅም። 

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ከትከሻዬ ላይ ነው ያየችው። 

«ለአንቺ ብዬ ነው» አልኩ።

«ለእኔ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ሰው እንዳይሰማ። «ሐሰት የተሞላበት ቅጽ መብቱ ከተሰጠ በኋላም ያሰርዘዋል። አርባ ሦስት ምስክር አለ! ያ አስተማሪ ለልጆቹ አሳይቶታል። የእፎይታው ጊዜ ራሱ የሚሠራው መታየቱን ከተናገርን ነው፤ ካልተናገርን እፎይታ የምንጠይቀው ለምኑ ነው? ይሄን ብታስገባልኝ ኖሮ ነው የምወድቀው።» ቅጹን ለሁለት ቀደደችው። ከመስኮቱ አዲስ አመጣች። «ተገልጿል» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች፣ ቀኑን ጻፈች፣ «በማን» የሚለው ላይ ስሟን ከእነ አያቷ ሞላች። «ፈርም» አለችኝ።

ፈረምኩ። አንገቴን ቀና አላደረግኩም።

መስኮቱ ላይ ያለችው ጸሐፊ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ገጽ በገጽ እየቆጠረች መጣችና ስሙ ጋ ስትደርስ መነጽሯን አደረገች። ስሙን አየች፣ አንቀጽን አየች፣ ጎኗ ያለውን ዝርዝር ገለጠች።

«ነገ ተፈታኝ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ይሄን ራስሽ ነሽ የሞላሽው?»

«እኔው ነኝ።»

«ለፈቃድ ክፍሉ ማሳወቅ አለብኝ፤ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ እትዬ።»

ሴትዮዋ ዝርዝሩን ዘጋች። ከዚያ ማኅተሙን አነሣችና መታችው። ረቡዕ፣ ቀኑ ግልጽ ሆኖ ወጣ። የወጣንበት ደረጃ ብዙ ነው፤ መሀሉ ላይ ደርሰን ሁለታችንም ተቀመጥን። 

ሐሙስ ለፈተናው ገባች፣ ማታ ላይ ወጣች። እኔና እህቴ ከበሩ ማዶ ቆመን ነበር። እህቴ ከጠዋት ጀምሮ ያለማቋረጥ ስታወራ ቆይታ ልጇን ስታይ ቦርሳዋን ልትቀበላት ሮጠች።

«እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ሰው ነበረበት ጋሼ» አለች። ጣቷ በቀለም ተበክሏል። «ጥያቄው ውስጥ። ሀም ለም ሰው ነበሩ። ሁሉን ሲያደርጉ ይታየኝ ነበር።» ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲው ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት።

ውጤቱ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ደብዳቤው የመጣ ቀን ሳትከፍተው ይዛው ሱቅ መጣች፣ እናቷንም አስከትላለች። ቀደደችው። ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያውን አነበበችና ጠረጴዛውን ያዘች።

«ማስጠንቀቂያ» አለች። «በአደራ የተሰጠን ፈጠራ ለሌሎች በማሳየት… የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ… ከእርስዎ ማኅደር ጋር እንዲያያዝ…»

የያዝኩት ፒንሳ በእጄ እንዳለ ቀረ። እህቴ ልጇን በሁለት እጇ ትከሻዋን ይዛ ወዘወዘቻት።

«በሰው ቋንቋ ንገሪኝ! አለፍሽ ወይስ ወደቅሽ?»

አንቀጽ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች። ከላይ እስከ ታች አየችው። ከታች ወደ ላይ ተመልሳ አየችው።  ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። እኔ መነጽሬን ፈልጌ እስካገኝ እህቴ ነጠቀችኝ፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ በዳነው ዓይኗ፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እየጎተተች ማንበብ ጀመረች።

«የጽሑፍ ፈተናውን… በሁሉም ክፍል… ስላለፉ… ፈቃዱ…»

ጮኸች። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጫማ ጠጋኝ ሰው የሞተ መስሎት እየሮጠ መጣ። እህቴ ልጇን በቦርሳዋ ትከሻዋን መታቻት፣ ሳመቻት፣ እንደገና መታቻት።

«ታዲያ የወቀሳውን ገጽ ከላይ ያደረጉት ምን ሆነው ነው? ሰው ሊገድሉ ነው?»

«መጀመሪያ እንዳነበው ነዋ እማዬ» አለች አንቀጽ። እንባዋ በአገጯ ላይ ይወርዳል። የመጀመሪያውን ገጽ ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። «ቁጭ በል ጋሼ። ቅድም አልጨረስኩትም።»

ፒንሳውን አስቀመጥኩና ተቀመጥኩ። ማስጠንቀቂያውን ከቀኑ ጀምራ አነበበችው፤ ዓይኗን ወረቀቱ ላይ እንዳደረገች፣ አንድም ቃል ሳትዘል።